ጁፒተርና ሳተርን በሑት ቤት

ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር ወደ 12 ዓመት፣ ሳተርን ደግሞ ወደ 29 ዓመት ተኩል ስለሚወስድባቸው፣ ፈጣኑ ዘገምተኛውን በየ20 ዓመቱ ገደማ እየደረሰበት ያልፋል። ይህ መገጣጠም አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ታይቶ የሚያበቃ ቢሆንም፣ ምድር በምሕዋሯ ስትቀድማቸው ወደ ኋላ የሚመለሱ ስለሚመስሉ አልፎ አልፎ በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ዓመት፣ ከሜይ እስከ ዲሴምበር፣ የሆነው ይኸው ነው፤ ስፍራውም የዓሦች ኅብረ ከዋክብት፣ ዐውደ ነገሥት በተባለው የኢትዮጵያ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ሑት የሚባለው ነበር።

የባቢሎን የሰማይ ታዛቢዎች ነገሩን በስሌት አስቀድመው ያውቁ እንደነበር፣ የዚያን ዓመት የፕላኔቶች አቀማመጥ የሚዘረዝርና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ የሸክላ ጽላት ይመሰክራል። ጁፒተርን የታላቁ አምላካቸው የማርዱክ ኮከብ ይሉት የነበረ ቢሆንም፣ ጽላቱ ጊዜንና ቦታን እንጂ ትርጓሜን አይናገርም።

ትርጓሜው የዳበረው ከዘመናት በኋላ ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የነበረው አይሁዳዊ ኮከብ ቆጣሪ ማሻአላህ የሁለቱን ፕላኔቶች መገጣጠም ከነቢያት መነሣትና ከሃይማኖቶች መወለድ ጋር አያይዞ የዓለምን ታሪክ በዚሁ ሚዛን ለካ። ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካው ግን የይስሐቅ አብርባኔል ጽሑፍ ነው። አይሁድ በ1492 ከስፔን ሲባረሩ አብሮ የተሰደደው ይህ ሊቅ፣ በጣሊያን ሆኖ በትንቢተ ዳንኤል ላይ በጻፈው ትርጓሜ፣ ሑት የእስራኤል ኮከብ እንደሆነና በዚያ የሚሆን መገጣጠም ከሙሴ ልደት በፊት እንደታየ፣ መሲሑንም እንደሚያመለክት አስተማረ። አገር አልባ ለሆነ ሕዝብ ሰማዩ የተስፋ መዝገብ ሆኖለት ነበር። በ1524 ፕላኔቶች በዚያው በሑት ሲሰባሰቡ ግን የአውሮፓ ኮከብ ቆጣሪዎች ዓሣን ከውኃ ጋር አያይዘው የጥፋት ውኃ ይመጣል በማለታቸው ብዙ ሰው ተሸበረ፤ የተባለው ጎርፍም አልመጣም።

የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር በ1604፣ ጁፒተርና ሳተርን በተገናኙ በዓመቱ ገደማ፣ አዲስ ኮከብ በሰማይ ሲበራ ተመለከተ፤ ከዚያም ወደ ኋላ አስልቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ7ኛውን ዓመት መገጣጠም ሰብአ ሰገልን ከመራው ኮከብ ጋር አያያዘው። ብዙዎች እንደሚሉት ሳይሆን፣ ኬፕለር መገጣጠሙን ራሱን ኮከቡ ነው አላለም፤ ኮከቡ ከመገጣጠሙ በኋላ በተአምር የተገለጠ እንደሆነ ያምን ነበር። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ በ7ኛው ዓመት ሁለቱ ፕላኔቶች እጅግ ሲቀራረቡ እንኳ በመካከላቸው የሙሉ ጨረቃን ስፋት እጥፍ ያህል ርቀት ስለነበር፣ ማንም እንደ አንድ ኮከብ ሊያያቸው አይችልም ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ እንደ ሑት፣ ሐመልና ሚዛን ያሉት የኅብረ ከዋክብት ስሞች ከዐረብ ሊቃውንት የተወረሱ ሲሆኑ፣ የዐውደ ነገሥት ተመልካች የሰውንና የእናቱን ስም ፊደላት ቆጥሮ በ12 ይገድፋል፤ ይኸውም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን እያወጣ በሚቀረው ቁጥር የሰውየውን ኮከብ ያገኛል። ከዚሁ ልማድ ጎን በዚሁ ምድር የተጠበቀ ፍጹም የተለየ ድምፅ አለ። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ የተገኘው መጽሐፈ ሄኖክ የፀሐይን ጉዞ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት በሮች እየለካ የአሥራ ሁለቱን ኅብረ ከዋክብት ስም ሳያነሣ ያልፋል፤ የኮከብ ቆጠራን ጥበብ የወደቁ መላእክት ለሰው ካስተማሩት ነገር ይቆጥረዋል፤ በተወሰነላቸው ጊዜ ያልወጡ ሰባት ከዋክብትም ታስረው ሄኖክ እንዳየ ይናገራል።