የከረመ ቤንዚን ከመኪና ሲወጣ

ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ከ4 እስከ 12 የካርቦን አቶም ያላቸው ሃይድሮካርቦኖች ቅልቅል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ቀላሎቹ ቶሎ ይተናሉ፤ የቀዘቀዘ ሞተር ጠዋት ያለችግር የሚነሳውም በእነሱ ነው። መኪና ለወራት ሲቆም የነዳጅ ማጠራቀሚያውን፣ መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉትን፣ ቀድመው ጥለው የሚሄዱት እነዚሁ ናቸው። የቀሩት ደግሞ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃዱ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይሠራሉ። ዝቃጩ የካርቡሬተርን ጠባብ ቀዳዳዎች፣ የኢንጀክተርን ጫፍና የነዳጅ ፖምፓን ወንፊት ይደፍናል።

በደንብ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ንጹሕ ቤንዚን 6 ወር ያህል ይቆያል። ኤታኖል ከተቀላቀለበት ግን 3 ወር አካባቢ ሲሆነው መጠርጠር ይጀምራል፤ ኤታኖል ከአየር እርጥበት ይስባልና። በኢትዮጵያ 5 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ከማደያ የሚቀዳው አብዛኛው ቤንዚን 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ቦታውም ለውጥ ያመጣል። በቆላ ሙቀት ጊዜው ያጥራል፤ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቀላሎቹ ክፍሎች በቀላሉ ይተናሉ። ግማሽ ብቻ የተሞላ ሰልባትዮ ከሙሉው ይልቅ ይጎዳል። ባዶው ቦታ አየር ይይዛል፤ በሌሊት ቅዝቃዜም በግድግዳው ላይ ውሃ ይቋጥራል።

ባለቤቱ ውጭ አገር ቆይቶ ሲመለስ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የምትጠብቀው መኪና የዚህ ችግር የተለመደች ተጠቂ ናት። ያም ሆኖ የቆየ ቤንዚን ሁሉ አይደፋም። ጥቂት በንጹሕ የብርጭቆ ዕቃ ቀድቶ፣ ከማደያ ከመጣ አዲስ ቤንዚን አጠገብ አስቀምጦ በቀን ብርሃን ማየት ብዙ ይናገራል። ጤነኛው የጠራና ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። የተበላሸው መጀመሪያ የጠጅ፣ እየባሰ ሲሄድ የጥቁር ጠላ መልክ ይይዛል፤ ሽታውም የቤንዚን መሆኑ ቀርቶ ወደ ቫርኒሽ ይጠጋል። ውሃ ካለበት ከሥር የተለየ ንብርብር ሆኖ ይታያል። ቀለሙና ሽታው ካልተለወጠ፣ መጠኑም ትንሽ ከሆነ፣ በላዩ ላይ አዲስ ቤንዚን መሙላት ይበቃል። ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይም ውሃ ከገባበት ግን ሞተሩን ለማስነሳት ሳይሞከር መውጣት አለበት። የሞተሩን ማስነሻ፣ ሞተሪኖውን፣ ደጋግሞ መምታት ዝቃጩን ወደ ኢንጀክተር ከመግፋት ሌላ ጥቅም የለውም።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ አደገኛ ግን ነው። አደጋው ደግሞ ከሚታየው ፈሳሽ ይልቅ ከማይታየው ትነት ይመጣል። የሚቃጠለው ትነቱ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንኳን ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። ለመቀጣጠልም በአየሩ ውስጥ 1.4 በመቶ ያህል መገኘቱ ይበቃዋል። ትነቱ ከአየር 3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ ተበትኖ አይጠፋም፤ እንደ ውሃ መሬት ለመሬት ይፈስሳል፣ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይተኛል። መኪናው በግቢው በአንድ ጥግ፣ ለቡና የተቀጣጠለው ከሰል ደግሞ በሌላው ጥግ በረንዳ ሥር ቢሆን፣ በመካከል ያለው ርቀት ሰውን ሊያታልል ይችላል። ትነቱ ቁልቁል ሄዶ ከሰሉን ካገኘ እሳቱ በመጣበት መንገድ ወደ ጀሪካኑ ይመለሳል።

ስለዚህ ቤንዚን የሚገለበጠው ደጅ ነው፤ በተዘጋ ጋራዥ ወይም በቆርቆሮ መጠለያ ሥር አይደለም። ቀን ላይ ከተሠራ የሻማም ሆነ የሽቦ መብራት አያስፈልግም። የግቢው ምድጃ ሁሉ ይጠፋል፤ ልጆችና የሚያጨስ ሰው ይርቃሉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ የሚፈታው የሰልባትዮው ክዳን ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ገመዱ ሲላቀቅ ብልጭታ ሊኖር ይችላልና። የዱቄት እሳት ማጥፊያና አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ በእጅ ርቀት መቀመጥ አለባቸው። ውሃ እዚህ አይረዳም፤ ቤንዚን በውሃ ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳል።

ጎማ ሰልባትዮ ውስጥ ከትቶ በአፍ መሳብ በየሰፈሩ የሚታይ ልማድ ነው፤ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ቤንዚን ቀጭን ስለሆነ አፍ ውስጥ የገባው ትንሽ ጉንጭ በትንታ ወደ ሳንባ ይዘልቃል፤ እዚያም ሕይወት እስከ መቅጠፍ የሚደርስ የሳንባ ቁስለት ያስከትላል። የዋጠ ሰው እንዲያስታውክ አይገደድም፣ ሲመለስ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። በእጅ የሚጨመቅ ፖምፓ ያለው ጎማ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ጎማው አንዴ ከሞላ በኋላ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ለዚህም ተቀባዩ ዕቃ በሰልባትዮው ውስጥ ካለው ነዳጅ ዝቅ ማለት አለበት። የትንሽ መኪና ሰልባትዮ ከመሬት ብዙም ስለማይርቅ መኪናው ከፍ ባለ ቦታ፣ ጀሪካኑ ዝቅ ባለው ቢሆን ይቀላል። ጎማው ብርሃን የሚያሳልፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ቤንዚኑ የሚታይበት ጎማ ውሃና ዝገት የመጡበትን ቅጽበት ያሳያል።

በብዙ ዘመናዊ መኪናዎች ላይ ግን ጎማው መንገድ ላይ ይቆማል። በመሙያው አንገት ውስጥ ሌባን ለመከላከልና መኪናው ሲገለበጥ ነዳጅ እንዳይፈስ የተሠራ ወንፊት ወይም ቫልቭ አለ። በኃይል መግፋት ጎማውን እዚያው ያስቀራል። በአሮጌ፣ ካርቡሬተር ባላቸው መኪናዎች አንዳንዶች ከሰልባትዮው ሥር የማፍሰሻ ብሎን አላቸው። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ግን አይገባም። የኢንጀክተር መኪናዎች ፖምፓቸው ሰልባትዮው ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ሥር ባለ ክዳን በኩል ይገኛል፤ የነዳጅ መስመራቸውም 3 ባር ያህል ግፊት ይይዛል። ይህን ግፊት ሳያስተነፍሱ መስመር መፍታት ቤንዚኑን ፊት ላይ ይረጫል። በራሱ ፖምፓ ማውጣትም ባትሪው እንደተገናኘ መሥራትን ይጠይቃል፤ ነዳጁ ሲያልቅ ደግሞ በነዳጁ የሚቀዘቅዘው ፖምፓ ይቃጠላል። ይህ ክፍል ለመካኒክ ቢተው ገንዘቡ አይባክንም።

ዕቃው ለነዳጅ የተሠራ ጀሪካን መሆን አለበት። የዘይት ፕላስቲክና የውሃ ጠርሙስ አይሆኑም፤ ቤንዚን ሊያፈስሱ ይችላሉ፣ ሰውም ሊሳሳትባቸው ይችላል። ጀሪካኑ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የጎማው ጫፍ ታችኛውን ወለል ነክቶ ይሞላል፤ ከላይ እየተንዠቀዠቀ የሚወርድ ቤንዚን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። እስከ አፉ አይሞላም። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ቤንዚን አንድ በመቶ ያህል ይሰፋል። የተለመደው 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከነዕቃው ሳይሆን ነዳጁ ብቻ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 40 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ ደግሞ ሁለት እንዲህ ዓይነት ዕቃ ይሞላል፤ ቁጥሩን አስቀድሞ ማወቅ በመሐል ዕቃ ፍለጋ ከመሮጥ ያድናል። ቤንዚን በውስጡ ቤንዚን (benzene) የተባለ የተለየ ውህድም አለበት፤ ይህ ውህድ ካንሰር አምጪ ስለሆነ ጓንት ይጠለቃል፣ የነካው ልብስ ይወልቃል፣ ቆዳ በሳሙና ይታጠባል።

ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይልቅ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። ፈሳሹ ሲወጣ ትነትና አየር ይቀራሉ፤ ለፍንዳታ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። የሚያፈስ ሰልባትዮ ከተገለበጠ በኋላ ወዲያው ብየዳ ላይ ማስቀመጥ ሕይወት ያጠፋል። አንድ ቀን ክዳኑን ከፍቶ ማዋልም ዋስትና አይደለም፤ ትነቱ ከዝቃጩ ውስጥ እየወጣ ይቀጥላልና። ማጽዳቱን የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይንካው።

የወጣው ቤንዚን ቦይ ውስጥም መጸዳጃ ውስጥም አይደፋም። የከርሰ ምድር ውሃ ይበክላል፣ ትነቱም በቱቦ ሄዶ ከጎረቤት ቤት ይወጣል። ከከሰል ወይም ከነጭ ጋዝ ምድጃ ጋር ማገናኘት ጨርሶ አይታሰብም። ብዙ ያልተበላሸና ውሃ የሌለበት ከሆነ ተጣርቶ፣ አንድ እጁ ከአሥር እጅ አዲስ ቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይነዳል። የጠቆረው ተዘግቶ፣ ምንነቱ በላዩ ተጽፎበት፣ ከቤት ርቆ ይቀመጥና የቆሻሻ ነዳጅ ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጣል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል። ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር ከተቀላቀለ ዘይቱንም ተቀጣጣይ ያደርገዋል። በአሜሪካ ብዙ አውራጃዎች ለቤት ውስጥ አደገኛ ቆሻሻ የመረከቢያ ቦታ አላቸው።

ከዚያ ፊልትሮው ይቀየራል፣ 10 ሊትር ያህል አዲስ ቤንዚን ይጨመራል፣ ትነቱ ከጠራ በኋላ ባትሪው ይገናኛል። ቁልፉ ሞተሩን ሳያስነሳ ሁለት ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ፖምፓው መስመሩን እንዲሞላ። መጋጠሚያዎቹ እንደማያልቡ በዓይን ከተረጋገጠ በኋላ ሞተሩ ይነሳል። መጀመሪያ ላይ ቢንተፋተፍና ቢያጨስ ከሚጠበቀው ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ካልተረጋጋ ካንዴላዎቹና ኢንጀክተሮቹ ይታያሉ። የተፈታው ዝቃጭ አዲሱን ፊልትሮም ቶሎ ስለሚሞላው ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ መቀየር አለበት።