ካርቶኑ ላይ ያለው ዋት

በአዳማ መንገዶች ባጃጁ ወይም ሚኒባሱ ገና ሳይደርስ የሙዚቃው ቤዝ ይደርሳል። የሚያሳዝነው ዘፈኑ ነው፤ የድምፃዊው ድምፅ ይሰነጠቃል፣ ከበሮው ይደበላለቃል። ተወቃሹ ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ነው። እኔ ግን ችግሩ ባመዛኙ ቴፑ፣ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ አለመመጣጠናቸው ነው ባይ ነኝ።

የቴፑ ካርቶን «50 ዋት በ4» ይላል፤ ለአራት ስፒከር፣ ለእያንዳንዱ 50 ዋት ማለቱ ነው። እስቲ እናስላው። ሞተር ሲሠራ ዲናሞው የሚሰጠው 14.4 ቮልት ገደማ ነው፤ የተለመደው የመኪና ስፒከር ደግሞ 4 ኦም ነው። 14.4ን በራሱ አባዝተን ለ8፣ ማለትም ለኦሙ እጥፍ ስናካፍለው 26 ዋት እናገኛለን። ከቴፑ ጋር አብሮ የተሠራው ማጉያ ድምፁን ሳያዛባ ለአንድ ስፒከር ከዚህ በላይ መስጠት አይችልም፤ በተግባር 20 ቢሞላ ነው። 50 የተባለው የቅጽበት ጫፍ ነው። ሊታይ የሚገባው «አርኤምኤስ» የሚለው፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። የተለየ አምፕሊፋየር ግን ቮልቴጁን በውስጡ ከፍ ስለሚያደርግ ከዚህ ገደብ ይወጣል።

«ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር አያቃጥልም» የሚባለው ስህተት ነው። ከአቅሙ በላይ ሲከፈት የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ጨርሶ የተቆረጠ ሞገድ ከንጹሑ እስከ እጥፍ የሚደርስ ኃይል ይሸከማል። ትርፉ ሙቀት ሆኖ የስፒከሩን ኮይል ያቃጥላል።

ኦሙም ያታልላል። ሁለት ባለ 4 ኦም ሳብዉፈር ጎን ለጎን ሲቀጠሉ 2 ኦም ይሆናሉ። ለ4 ኦም ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር ያኔ እጥፍ ከረንት ይጠየቃል፤ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት፣ አየር በማያገኝ ወንበር ሥር ከተቀመጠ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። 300 ዋት በትክክል የሚሰጥ አምፕሊፋየር ከባትሪው 26 አምፔር ገደማ ይስባል። የባጃጅ ቻርጅ የታሰበው ለመብራት፣ ለክላክስና ለሞተር ማስነሻ ነው፤ ጉድለቱን የሚከፍለው ባትሪው ነው።

ዋት ማብዛትም የሚታሰበውን ያህል አያተርፍም፤ ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጆሮ ደኅንነት በሳምንት ለ40 ሰዓት ያስቀመጠው ወሰን 80 ዴሲቤል ነው፤ 90 ላይ 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ሾፌርና ረዳት ይህን በአንድ ቀን ይጨርሱታል።

ስትገዙ የአምፕሊፋየሩን አርኤምኤስ ከስፒከሩ አርኤምኤስ ጋር፣ በዚያው ኦም አስተያዩ። ቁጥሩ ያልተጻፈበትን ዕቃ አትግዙ። የአምፕሊፋየሩን ፊውዝም ባትሪው አጠገብ አስገጥሙ።