በአቅማችን የካሜራ ሌንስ እንዴት እንምረጥ?

ከመካከላችሁ ካሜራ የገዛችሁ ወይም በስጦታ ያገኛችሁ ጥቂት አይደላችሁም። በዕረፍት ቀናችሁ በመጥራሕ የባሕር ዳርቻ ስትዘዋወሩ፣ በክርስትናና በልደት ዝግጅት ላይ ወዳጆቻችሁን ስታነሡ እናያለን። ብዙ ጊዜም «ቀጥሎ የትኛውን ሌንስ እንግዛ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልናል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ለቤተሰብ ሊላክ የነበረን የአንድ ወር ደመወዝ ሊወስድ የሚችል ጉዳይ ነውና በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሌንሱ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች

ከብዙ ካሜራዎች ጋር አብሮ ሲሸጥ የቆየው ሌንስ 18-55 ሚሊሜትር የሚል ጽሑፍ አለው። የሚሊሜትሩ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ሲጨምር ደግሞ ሩቁን ያቀርባል። በ18 ሚሊሜትር አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ይነሣል፤ በ55 ፊት ጎልቶ ይታያል።

ሁለተኛው ቁጥር ኤፍ ከሚለው ፊደል ጋር የሚጻፈው ሲሆን ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ይናገራል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። 18-55 የሚለው ሌንስ በ55 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን ከኤፍ 5.6 የበለጠ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ግን ከዚህ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በማታ ግብዣ ላይ በመጀመሪያው ሌንስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ የሚፈጅ ፎቶ በሁለተኛው አንድ መቶኛ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል ማለት ነው። በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ እጃችንም ይንቀጠቀጣል። የማታ ፎቶዎቻችን ብዥ የሚሉት በዚህ ምክንያት እንጂ ካሜራው ስለተበላሸ አይደለም። አይኤስኦ የሚባለውን ከፍ ማድረግም ይረዳል፤ ነገር ግን ሲበዛ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

በቅድሚያ ያላችሁን ተጠቀሙበት

የመስቀጥ ፀሐይ ብርቱ ነው። ቀን ቀን ውጪ ለምታነሡት ፎቶ 18-55 ሌንሱ ከበቂ በላይ ስለሆነ ሌላ አትግዙ። እንደ ጀበናና ረከቦት ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር ለማንሣትም ርካሽ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ይበቃል። አዲስ ሌንስ የሚያስፈልገው በቤት ውስጥ፣ በማታና በደብዛዛ ብርሃን ሰዎችን ለምታነሡ ነው።

35 ወይስ 50 ሚሊሜትር?

በአነስተኛ ዋጋ የሚገኙትና ኤፍ 1.8 የሆኑት ሌንሶች ዙም የላቸውም፤ ለመቅረብና ለመራቅ በእግር መሄድ ነው። ካነን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ሲወጣ በአሜሪካ 125 ዶላር ገደማ፣ በኦማን ገንዘብ ወደ 48 ሪያል ነበር። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ደግሞ 200 ዶላር ገደማ፣ ማለትም ወደ 77 ሪያል ነበር። ሁለቱም ያገለገሉ ሆነው ሲገኙ ዋጋቸው ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ በርካሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ትንሽ ስለሆነ 50 ሚሊሜትሩ በካነን እንደ 80፣ በኒኮን እንደ 75 ሆኖ ያቀርባል። ለአንድ ሰው ፎቶ ያማረ ነው። በጠባብ ክፍል ቡና የሚጠጡ ስድስት ሰዎችን ለማንሣት ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል እንጂ ሁሉም አይገቡም።

ለመወሰን ገንዘብ የማይጠይቅ መንገድ አለ። 18-55 ሌንሳችሁን በአንዱ የዕረፍት ቀን 35 ላይ ብቻ፣ በሚቀጥለው 50 ላይ ብቻ አድርጋችሁ አንሡ። የተመቻችሁን ታውቃላችሁ። ሌላም ልብ በሉ፤ በኤፍ 1.8 የአንዱ ፊት ጠርቶ የኋለኛው ይደበዝዛል። ስለዚህ ብዙ ሰው ስታነሡ ቁጥሩን ወደ 4 ወይም 5.6 መልሱት።

ከመግዛታችሁ በፊት

1. ሌንሱ ከካሜራችሁ ጋር ይስማማል? የካነን ሌንስ ለኒኮን አይገጥምም። የኒኮን ዲ3200ን የመሳሰሉ ካሜራዎች በውስጣቸው ሞተር ስለሌላቸው ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት የቆዩ ሌንሶች በራሳቸው አያተኩሩም፤ በእጅ ማዞር ግድ ይሆናል። ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን ፈልጉ።

2. ያገለገለ ከሆነ በስልካችሁ መብራት ወደ ውስጡ ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ተዉት። ጥቂት አቧራ ግን ፎቶ አያበላሽም።

3. በራሳችሁ ካሜራ ላይ ገጥማችሁ ጋዜጣ አንሡ፤ ፊደሎቹን አጉልታችሁ አንብቡ። ካልጠሩ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይጠቅምም።

4. ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትግዙ። ከግለሰብም ቢሆን ቀን፣ ዋጋና ፊርማ ያለበት ወረቀት ይኑራችሁ። የምንኖረው በሰው ቤት ነው። ሥራ ስትለቁ ወይም ወደ አገር ስትመለሱ «ይህ ዕቃ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ምስክራችሁ ያ ወረቀት ነው። የሌንሱን መለያ ቁጥርም በስልካችሁ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

5. በብድር አትግዙ። ሌንስ ሳይገዛ ቢቆይ የሚጎዳ የለም፤ ዕዳ ግን ይወልዳል።

ከሙቀትና ከእርጥበት ስለመጠበቅ

በመስቀጥ በበጋው ወራት ከኤሲ ክፍል ወደ ውጪ ስትወጡ ሌንሱ በጤዛ ይሸፈናል። ካሜራውን በቦርሳው እንዳለ ለግማሽ ሰዓት ያህል ካቆያችሁት ግን ሙቀቱን ይለምዳል። በጤዛው ላይ በጨርቅ ከማሸት ተቆጠቡ። ማስቀመጫውም ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት የራቀ ይሁን፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምታገኟትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ ክተቱ።

ካሜራው እንዳይከሰን

የአሠሪዎቻችሁን ልጆች፣ ቤትና እንግዶች ያለ ግልጽ ፈቃድ አታንሡ፣ ለማንም አትላኩ፣ በኢንተርኔትም አታውጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኦማን የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ የሰውን የግል ሕይወት በፎቶ መድፈርን በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። በገበያም ሆነ በመንገድ ሰው ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የፖሊስና የወታደር ቦታዎችን ፈጽሞ ተዉ። ደግሞም በቤት ሠራተኛ ቪዛ ለሌላ ሰው በክፍያ መሥራት ስለማይፈቀድ ፎቶ እያነሡ ገንዘብ መቀበል ችግር ያመጣል።

ትምህርቱን ግን የሚከለክል የለም። በአገራችን ፎቶ ማንሣት የቆየ ሙያ ነው፤ አርመናዊው የቦያጂያን ቤተሰብ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ያነሣ ነበር። በዘመናችንም አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የአዲስ ፎቶ ፌስትን በመመሥረት ከብዙ አገር የመጡ ባለሙያዎችን አዲስ አበባ ላይ አገናኝታለች። ነገ አገራችሁ ገብታችሁ ፎቶ ቤት ለመክፈት የምታስቡ ካላችሁ፣ ዛሬ በአንድ ሌንስ ብርሃንን ማወቅ ከአምስት ሌንስ ይበልጣል።

ወደ አገር ስትጓዙ ሌንሱንና ትርፍ ባትሪዎችን በእጅ ሻንጣ መያዝ አትርሱ።