ሲፕሮና ጅማት፦ ተረትና እውነታ

ሆዱን የቆረጠው ወይም ሽንቱ የሚያቃጥለው ሰው ወደ ፋርማሲ ጎራ ብሎ «ሲፕሮ ስጡኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከኖርፍሎክሳሲን፣ ከሌቮፍሎክሳሲንና ከሞክሲፍሎክሳሲን ጋር ፍሎሮኪኖሎን ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች ይመደባል። እነዚህ መድኃኒቶች ጅማት ሊጎዱ እንደሚችሉ ግን ከሚውጧቸው ሰዎች ብዙዎቹ አልሰሙም።

ተረት፦ አንቲባዮቲክ ቢበዛ ሆድ ያበላሻል እንጂ ከጅማት ጋር አይገናኝም።

እውነታ፦ ጉዳዩ በሕክምና ጽሑፍ ላይ መዘገብ የጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ በ2008 አምራቾቹ በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ በሣጥን የታጠረ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲያሰፍሩ አዘዘ። የላቦራቶሪ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት መድኃኒቶቹ ማግኒዥየምን ይይዛሉ፤ ለጅማት ጥንካሬ የሚሰጠውን ኮላጅን የሚሠሩትን ሴሎች ያውካሉ። ይበልጥ የሚጎዳው የሰውነትን ክብደት የሚሸከመው የተረከዝ ጅማት ነው፤ የትከሻና የእጅ ጅማትም አይቀርለትም።

ተረት፦ ጅማት የሚበጠሰው ስፖርተኛ ነው።

እውነታ፦ ደረጃ ሲወጡ፣ መንገድ ሲሄዱም ሊበጠስ ይችላል። «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሰውየው ከኋላው የተመታ ይመስለዋል፤ ከዚያ በጣቶቹ ጫፍ መቆም ያቅተዋል። ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ኩላሊት፣ ልብ ወይም ሳንባ የተተከለላቸው እንዲሁም እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይዶችን የሚወስዱ ናቸው።

ተረት፦ ክኒኑ ካለቀ ስጋቱም አለቀ።

እውነታ፦ ሕመሙ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላ የታየበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ተረከዙን ያመመው ሰው ከወራት በፊት የወሰደውንም መድኃኒት ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ተረት፦ ወጌሻ ካሸው ይድናል።

እውነታ፦ የተዳከመን ጅማት ማሸትና መጎተት ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። ሕመም ወይም እብጠት እንደተሰማ እግርን ማሳረፍ፣ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሌቮፍሎክሳሲን ወይም ሞክሲፍሎክሳሲን የሚወስድ ታካሚ ግን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ በዚያው ቀን ለሚከታተለው ባለሙያ ይንገር።

ተረት፦ እንግዲያው ሲፕሮ ጨርሶ መወሰድ የለበትም።

እውነታ፦ አብዛኛው ሰው ያለ ጅማት ችግር ይወስደዋል፤ ለከባድ ኢንፌክሽን ሕይወት አድን ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ያሳሰበው፣ ሌላ አማራጭ እያለ ለሳይነስ፣ ለብሮንካይተስና ላልተወሳሰበ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዳይታዘዝ ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ ሲፕሮ የሚገዛ ሰው ግን ዕድሜውን፣ የኩላሊቱን ሁኔታና የሚወስደውን ስቴሮይድ የሚጠይቀው ባለሙያ ሳያገኝ ነው ክኒኑን ይዞ የሚወጣው።