«ሲስተም የለም» ከማለታችን በፊት

ባገራችን መሥሪያ ቤቶች ከሚነገረው ቃል ሁሉ ባለጉዳይን ባንድ ጊዜ ዝም የሚያሰኘው «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። «አለቃው አልገቡም» ቢሉት ባለጉዳዩ መቼ እንደሚገቡ ይጠይቃል፤ «ማኅተሙ ተቆልፎበታል» ቢሉት ቁልፍ ያዡን ያፈላልጋል። ሲስተም የለም የተባለ እንደ ሆነ ግን የሲስተምን ቤት የሚያውቅ የለምና ደጅ የሚጠናበት አጥቶ ይመለሳል። እንደ አርብ ገበያ ባለ፣ ስሙን እንኳ ከገበያ ቀን ባገኘ ከተማ፣ ገበሬው ጉዳዩንና ገበያውን አንድ ላይ አስሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዛሬ ያልተፈጸመለት ጉዳይ የሚቀጠረው ለነገ ሳይሆን ለሚመጣው ሳምንት ነው። ያን ቃል ከመስኮቱ ውስጥ ሆኖ የሚናገረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ጸሐፊ ነው፤ ስድቡንም የሚቀበለው እሱው ነው።

ሲስተሙ በእርግጥ የሚጠፋበት ቀን አለ፤ መብራት ይሄዳል፣ መሥመር ይበጠሳል። ይሁን እንጂ መብራቱም መሥመሩም እያለ፣ ኮምፒዩተሩ የምሥጢር ቃሉን ከተቀበለ በኋላ አንዲት ክብ ምልክት እያሽከረከረ ስምንትና አሥር ደቂቃ የሚያስጠብቅበት ጧት አለ። ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ስለዚህኛው ነው። ያን ጊዜ ሲስተሙ አልጠፋም፤ ኮምፒዩተሩ ሩቅ ያለ በር እያንኳኳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ኮምፒዩተሮች ባንድ መዝገብ ሥር የሚተዳደሩ እንደ ሆነ፣ ሠራተኛው ጧት ስሙንና የምሥጢር ቃሉን ሲጽፍ ቃሉን የሚመረምረው በፊቱ የተቀመጠው ኮምፒዩተር አይደለም። ያ ኮምፒዩተር ተላላኪ ነው። የሠራተኞች ሁሉ ስም የተጻፈበት መዝገብ የሚገኘው «ዶሜይን ኮንትሮለር» በሚባል ሰርቨር ዘንድ ነው፤ እኛ የመግቢያ ሰርቨር እንበለው። ቀድሞ በዊንዶውስ ኤን.ቲ. ዘመን መዝገቡ የሚጻፍበት አንድ ዋና ሰርቨር ብቻ ነበረ። የማይክሮሶፍት ኩባንያ በ1992 ዓ.ም. (2000 እ.ኤ.አ.) «አክቲቭ ዳይሬክተሪ» የተባለውን ሥርዐት ካወጣ ወዲህ ግን መዝገቡ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይገለበጣል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካዋል። ብዙ መሆናቸው መልካም ነው። ግን ተላላኪው ወደ የትኛው ይሂድ?

ይህን ጥያቄ ለተማሪዎች ያቀረቡ እንደ ሆነ «ቅርብ ወዳለው ነዋ!» ይሉዎታል። ይሁንና ኮምፒዩተር ካርታ አያይም፤ ለአርብ ገበያ ከደብረ ታቦር ይልቅ ንፋስ መውጫ እንደሚቀርብ ማንም አልነገረውም።

ላገራችን ይህ ጥያቄ ከብዙ አገሮች ይልቅ ይከብዳል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ መንግሥት «ወረዳኔት» የተባለውን መረብ ሲዘረጋ 600 ያህል ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋራ ለማገናኘት ነበር። በምስል መሰብሰብ፣ መልእክት መላላክ፣ የዳይሬክተሪ አገልግሎትም ለዚያ መረብ ከታሰቡት ሥራዎች መካከል ነበሩ። ሽቦ ወዳልደረሰባቸው ወረዳዎች መሥመሩ የሄደው በሳተላይት ነው፤ በወረዳ ግቢ ውስጥ ወደ ሰማይ አንጋጦ የቆመውን ትልቅ ነጭ ሳሕን ያዩ አንባቢዎች ብዙ ናቸው።

ያ ሳሕን የሚያነጋግረው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ብርሃን ባንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሮጥም፣ አንድ ጥያቄ ወደ ሰማይ ወጥቶ ወደ መሬት እስኪወርድ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ መልሱም ሲመለስ ሌላ ሩብ። ግማሽ ሴኮንድ ምን አላት? ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ሠራተኛው እስኪገባ ድረስ ተላላኪውና ሰርቨሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተነጋግረው አይለያዩም፤ ማንነቱ ይመረመራል፣ ፈቃዱ ይጻፋል፣ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ፋይል በፋይል ይነበባል። መቶ ጊዜ ቢመላለሱ 50 ሴኮንድ፣ አምስት መቶ ጊዜ ቢመላለሱ ከአራት ደቂቃ በላይ ሆነ። ሰርቨሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ቢኖር ግን አንዱ ምልልስ የሴኮንድን ሺኛ ያህል ቢወስድ ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል (እንዲህ ተደርጓል ማለቴ አይደለም) በአርብ ገበያ የወረዳው ግቢ አንዲት ትንሽ የመግቢያ ሰርቨር ቆማለች እንበል። ለስማዳም፣ ለእስቴም፣ ለሌሎቹም ወረዳዎች እንዲሁ ተሰጥቷቸዋል፤ ትልልቆቹም በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ አሉ። የአርብ ገበያው ጸሐፊ ጧት ገብቶ ስሙን ይጽፋል።

በዊንዶውስ ውስጥ «ኔትሎጎን» የሚባል አገልጋይ አለ። ይህ አገልጋይ በመጀመሪያ «ዲ.ኤን.ኤስ.» ወደሚባለው የስምና የቁጥር ማውጫ ሄዶ «የመዝገባችን ሰርቨሮች እነማን ናቸው?» ይላል። ማውጫው ዝርዝሩን ይሰጠዋል። በየስሙ አጠገብ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ አንደኛው ቅድሚያ ሲሆን ትንሹ ቁጥር ይቀድማል፤ ሁለተኛው ክብደት ነው፣ በቅድሚያ እኩል በሆኑት መካከል ሥራውን ያከፋፍላል። ማንም ካልነካቸው ቅድሚያው ሁሉም 0፣ ክብደቱም ሁሉም 100 ስለ ሆነ፣ የስማዳዋ ትንሽ ሰርቨርና የባሕር ዳሩ ትልቅ ሰርቨር በዚያ ዝርዝር ላይ እኩያ ናቸው። ኔትሎጎን ከዝርዝሩ እንደ ዕጣ እያወጣ አጭር ሰላምታ ይልካል፤ ቀድሞ የመለሰለትን ይይዛል። ዝርዝሩ የመቶዎች ከሆነ የገዛ ግቢው ሰርቨር ከመጀመሪያዎቹ ዕጣዎች ላይ መውጣቷ ጥቂት ዕድል ይፈልጋል።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰላምታውን የተቀበለው ሰርቨር የጠያቂውን ቁጥር ይመለከታል። በመረቡ ላይ ያለ ኮምፒዩተር ሁሉ ቁጥር አለው፤ የአርብ ገበያዎቹ ሁሉ 10.40.7 ብሎ በሚጀምር ቁጥር ይጠሩ እንበል። በየሰርቨሩ ዘንድም የትኛው ቁጥር የየትኛው ሰፈር እንደ ሆነ የሚገልጽ መዝገብ አለ፤ ባለሙያዎቹ ሰፈሩን «ሳይት»፣ የቁጥሩን ክልል «ሰብኔት» ይሉታል። ሰርቨሩ መዝገቡን ገልጦ «አንተ የአርብ ገበያ ሰፈር ሰው ነህ፤ እኔ ለሰፈርህ ቅርብ አይደለሁም» ይለዋል። ተላላኪውም ወደ ማውጫው ተመልሶ «እንግዲያው የዚያ ሰፈር ሰርቨር ማን ናት?» ብሎ ይጠይቅና ወደ ትክክለኛው በር ይሄዳል። የሰፈሩንም ስም ለሌላ ጊዜ ጽፎ ያስቀምጠዋል።

10.40.7 በመዝገቡ ያልተጻፈ እንደ ሆነስ? ሰርቨሩ ያ ኮምፒዩተር የየት ሰፈር እንደ ሆነ አያውቅም፤ ተላላኪውም አገር የለሽ ሆኖ ይቀራል። አይከለከልም፤ ይህን ልብ ይበሉ። ቢከለከል ኖሮ ስሕተቱ በአንድ ቀን ይታወቅ ነበር። በዕጣ የወጣለትን ሰርቨር ይዞ ይገባል እንጂ፤ አንድ ቀን የባሕር ዳሩን፣ አንድ ቀን የአዲስ አበባውን፣ ሲብስ የስማዳዋን። ስማዳ ጎረቤት ናት፤ በእግር የሚሄድ ሰው ይደርስባታል። ቃሉ ግን ከአርብ ገበያ ወደ ሰማይ ወጥቶ በማእከላዊው ጣቢያ ይወርዳል፤ ከዚያም እንደ ገና ወደ ሰማይ ወጥቶ ስማዳ ይወርዳል። ምልልሱ አንድ ሙሉ ሴኮንድ ሆነ፤ አራቱ ደቂቃም ስምንት። ሠራተኛው «ይህ ኮምፒዩተር ቀን ይለያል» ይላል። አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ቀን ይለያል፣ የቁጥሩ ክልል ያው ነውና።

በእኔ አስተያየት የዚህ ዓይነቱ ችግር አብዛኛው የማሽን ሳይሆን የጽሕፈት ችግር ነው። መሥሪያ ቤት ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሲዛወር፣ አዲስ መሥመር ሲገባ፣ መሥመር ዘርጊው ቁጥር ሰጥቶ ይሄዳል፤ መዝገብ ያዡ ግን አልሰማም። ማንም አልሰነፈም፤ ደብዳቤው ብቻ ቀረ። መፍትሔውም ያንኑ ያህል ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ከሰፈሩ ጋራ አንድ መሥመር መጻፍ። ከዚህም ጋራ ጠንቃቃ ባለሙያ የትንንሾቹን ወረዳዎች ሰርቨሮች ስም ከጠቅላላው ዝርዝር አስወጥቶ በየሰፈራቸው ዝርዝር ብቻ ያስቀራቸዋል፤ ያን ጊዜ ዕጣው ቢስት እንኳ የሚያርፈው ከማእከሉ ትልልቅ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ነው።

ሰርቨር የሌለው ሰፈርም ይመዘገባል። በሰፈርና በሰፈር መካከል ላለው መንገድ ዋጋ ይጻፍለታል፤ ሳይነካ ከተተወ ዋጋው 100 ነው። ዋጋው ያነሰለት ሰርቨር ያን ባዶ ሰፈር ራሱ ይረከበዋል። ዋጋውን የሚጽፈው ሰው ግን ካርታ አይቶ እንዳይጽፍ ያስፈልጋል። በሳተላይት ለሚናገር መሥሪያ ቤት የሚቀርበው ቃሉ ከሰማይ የሚወርድበት ጣቢያ እንጂ በመኪና መንገድ የሚቀርበው ከተማ አይደለም።

እርስዎ ባለሙያ ባይሆኑም በገዛ ኮምፒዩተርዎ ላይ የሚመለከቱት አለ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍተው «ሎጎንሰርቨር» የተባለውን መጠሪያ የጠየቁ እንደ ሆነ የአንድ ሰርቨር ስም ይነግርዎታል። አይመኑት። ዊንዶውስ የመጨረሻዎቹን 10 መግቢያዎች በማስታወሻው ስለሚይዝ፣ ምንም ሰርቨር ሳያገኝ በትዝታው ብቻ ሊያስገባዎና የትናንቱን ስም ሊያሳይዎ ይችላል። እውነቱን የሚናገረው «ኤን.ኤል.ቴስት» የተባለው ትእዛዝ ነው፤ አሁን የያዘውን ሰርቨርና የራሱን ሰፈር ስም ለየብቻ ይጠይቁታል። የሰፈሩ ስም ባዶ ከሆነ በሽታው ታወቀ። በሰርቨሩ በኩል ደግሞ ኔትሎጎን በሚጽፈው የዕለት መዝገብ ላይ ሰፈር የለሾቹ ኮምፒዩተሮች ከነቁጥራቸው ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ ባለሙያው ያን መዝገብ ቢገልጥ የእርስዎን ቁጥር ያገኘዋል።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ የትኛውን ማውጫ እንደሚጠይቅ ይዩ። አንድ ወዳጅ «ኢንተርኔት ያፈጥናል» ብሎ 8.8.8.8 የሚል ቁጥር አስገብቶበት ከሆነ፣ ያ የጉግል ማውጫ ነው፤ ስለ ዓለሙ ሁሉ ያውቃል፣ ስለ እርስዎ መሥሪያ ቤት ሰርቨሮች ግን አንዳች አያውቅም።

መዝገቡ ከተስተካከለም በኋላ ያው ሆነ ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ኔትሎጎን አንድ ጊዜ የያዘውን ሰርቨር ቶሎ አይለቅም፤ ማንም ካልለወጠው እንደ ገና የሚፈልገው ከ12 ሰዓታት በኋላ ነው። የግቢው ሰርቨር ጧት መብራት ጠፍቶባት እኩለ ቀን ላይ ብትነሣ፣ ኮምፒዩተሩ እስከ ማታ ሩቁን ይዞ ሊውል ይችላል። በኤን.ኤል.ቴስት «በግድ ፈልግ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ወይም ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ያስነሡት።

ትክክለኛው በር ተገኝቶ ሳለ አላስገባም የሚልበት ጊዜም አለ። የመግቢያ ፈቃዱ የሚሰጠው «ከርቤሮስ» በሚባል ሥርዐት ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው የግሪኮች ተረት የሙታንን አገር በር ይጠብቃል ከሚለው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ነው። ይህ ውሻ ለሰዓት ጥብቅ ነው፤ በተለመደው ደንብ የኮምፒዩተሩና የሰርቨሩ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ እንዲለያይ አይፈቅድም። እኛ ጧት ሦስት ሰዓት የምንለውን ኮምፒዩተሩ ዘጠኝ ይለዋል። አንድ ትጉህ ሠራተኛ «ተሳስቷል» ብሎ ወደ ሦስት የመለሰው እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አስቀረው። ከዚህ የሚብሰው ግን መልኩ ትክክል የሆነው ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የካሊፎርኒያን የሰዓት ክልል እንደ ያዘ ቀርቶ ሰዓቱን በእጅ ያስተካከሉት እንደ ሆነ፣ ከግድግዳው ሰዓት ጋራ አንድ ይሆናል፤ ከርቤሮስ የሚያስበው በግሪኒች ሰዓት ስለ ሆነ ግን በውስጡ 10 ወይም 11 ሰዓት ተዛብቷል። የእኛ የሰዓት ክልል በዊንዶውስ ዝርዝር የሚገኘው በናይሮቢ ስም ነው፤ አዲስ አበባን ቢፈልጉ አያገኟትም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ አሮጌ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የውስጡ ባትሪ አልቋል። ሳንቲም የምታህል ናት፤ በብዙዎቹ ላይ ሲ.አር. 2032 የሚል ተጽፎባታል። ከመንቀልዎ በፊት የኮምፒዩተሩን ሽቦ ከግድግዳው ያውጡ፤ ስትገባም የመደመር ምልክት ያለበት ፊቷ ወደ ውጭ መሆን አለበት።