የመተማው ታንክ፣ በመዳፍ ልክ

ታንክ ልንሠራ ነው። አትሳቁ፤ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስለማይሞላ ቦታ አይፈጅም፣ ጎረቤትም አያስደነግጥም። በጃፓንና በአውሮፓ ትልልቅ ሰዎች ከሥራ መልስ ቁጭ ብለው ሌሊቱን የሚገፉበት ሙያ ነው። አብዛኞቹ የሚሠሩት የጀርመኑን ታይገር ወይም የአሜሪካኑን ሸርማን ነው። እኛ ግን ገንዳ ውሃ ተቀምጠን የሩቅ አገር ታንክ ምን አደከመን? መተማ ዮሐንስ ደጃፍ ድረስ መጥቶ የአገሩ ድንጋይ ያስቀረው ታንክ እያለ!

መተማ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው አጼ ዮሐንስ የወደቁበትን የ1881 ዓ.ም. ጦርነት ነው፤ ደግሞም ይገባል። ታንኩ የገባበት ጦርነት ግን የመጣው ከዚያ 52 ዓመት ቆይቶ ነው። ጣሊያን በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ድንበር ተሻግሮ የሱዳኗን ገላባት ከእንግሊዝ ነጠቀ። እንግሊዞች ሊያስመልሱ የተነሡት ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ ነው። አዛዡ ብርጋዴር ዊልያም ስሊም ነበር፤ ኋላ በርማ ላይ ጃፓኖችን ያሸነፈው ፊልድ ማርሻል ስሊም ማለት እሱ ነው። ያን ጊዜ በእጁ የነበረው 10ኛው የሕንድ እግረኛ ብርጌድ ሲሆን፣ ከ6ኛው ንጉሣዊ የታንክ ሬጅመንት አንድ የታንክ ሻምበል ከግብፅ መጥቶለታል። ታንኮቹ 12 ናቸው፤ ስድስቱ ክሩዘር የሚባሉት ከበድ ያሉ፣ ስድስቱ ደግሞ ቀላል።

መጀመሪያ አውሮፕላን ደበደበ፣ መድፍ ተከተለ፣ ከዚያ ከሕንዱ ብርጌድ የጋርዋል ወታደሮችና ታንኮቹ ተያይዘው ገላባት ምሽግ ገቡ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደታሰበው ሄደ። ገላባትንና መተማን ከሚለየው ደረቅ ወንዝ ማዶ ግን ጣሊያን እሾሃማ ሽቦ ዘርግቶ ምሽግ ይዟል፤ ያንን ሽቦ እየደፈጠጠ ለእግረኛው መንገድ መክፈት የነበረበት ታንኩ ነው። ያን ሰዓት ከ12ቱ ዘጠኙ ቆመዋል። ጥቂቶቹን ፈንጂ ነው ያገኛቸው። የቀሩትን ያቆማቸው የጠላት እጅ ያልነካበት ብልሽት ነው፤ አለታማው መሬት ሰባበራቸው። መለዋወጫ የጫነውን መኪና ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላን አጋየው። ስሊም ወደ መተማ ሳይሻገር ተመለሰ።

እንግዲህ የምንሠራው ከስድስቱ ቀላል ታንኮች አንዱን ነው፤ ቪከርስ ማርክ 6 ይባላል። ሦስት ሰው ይይዛል፣ መድፍ የለውም፣ አናቱ ላይ ከሚዞረው ቱሬት ሁለት መትረየስ ብቻ ብቅ ይላሉ። የምንሠራውም ሰንሰለቱ ወልቆ እንደቆመ ነው።

ስለ ልኬቱ ትንሽ እናውራ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። የታንክ ሞዴል በብዛት የሚሠራው በ1 ለ 35 ነው። ለምን 35? ለምን 30 ወይም 40 አልሆነም? ታሚያ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ ሆዱ ውስጥ ሞተርና ባትሪ ማስገባት ፈለገ። ባትሪዎቹ የሚበቃቸው ስፋት ሲለካ ታንኩ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያህል አንሶ ተገኘ። በቃ፣ እሱው ቀረ። ሌሎችም ኩባንያዎች ተከተሉ፤ ዛሬ ባትሪ የማይገባበት ሞዴል ሳይቀር በዚያ ባትሪ ልክ ይሠራል።

እውነተኛው ማርክ 6 ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ26 ሴንቲ ሜትር ነው። ለ35 ስታካፍሉት 11.4 በ6.5 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ክብደቱን ግን በ35 ብቻ እንዳታካፍሉ! ርዝመትም፣ ስፋትም፣ ከፍታም ስለሚያንሱ ሦስት ጊዜ ነው የሚካፈለው። ስለዚህ 5 ቶን የሚያልፈው ብረት 120 ግራም ገደማ ይሆናል፤ በአንድ እጅ ይነሣል። በጣም የሚገርመው የብረቱ ውፍረት ነው። የዚህ ታንክ ወፍራሙ ብረት 14 ሚሊ ሜትር ነው፣ በእኛ ልክ 0.4 ሚሊ ሜትር። የሠርግ ጥሪ ካርድ የሚያህል! ይህ ብረት የጠመንጃ ጥይት ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ ግን አትጠብቁበት። ሰዎቹ በዚያ ውስጥ ሆነው ፈንጂ መሬት ላይ መሄዳቸውን ሳስብ አሁንም ሰውነቴን ይነዝረኛል።

የፕላስቲክ ኪት ያለው ዘመድ ከውጭ ካመጣላችሁ ሥራው ቀና ነው፤ ክፍሎቹ ከፍሬም ላይ በከተር ይቆረጣሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይላጋሉ፣ ይጣበቃሉ። የኪት ማጣበቂያ ፕላስቲኩን ራሱን አቅልጦ ስለሚያዋህደው እንደ ብየዳ ነው የሚይዘው። ሱፐር ግሉ ግን ላዩን ብቻ ይይዝና ሲወድቅ ይለቃል። ኪት ከሌለ ካርቶን አለ። በካርቶን ስትሠሩ ልኬቱን 1 ለ 10 አድርጉት፣ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ታንክ ይወጣላችኋል፤ በ1 ለ 35 ካርቶን መቁረጥ ጣት ማቁሰል ነው። የነጭ ኮላ ጠብታ በስቴኪኒ ጫፍ እየነካችሁ በመስመር ብታኖሩ ሲደርቅ የብሎን ራስ ይመስላል። ለጥገና ማስቲሽ ያለበት ሊስትሮ ጋ አትሂዱ፤ ማስቲሽ ክር ክር እያለ ሥራ ያበላሻል።

ለጀማሪ ግን ከዚህም የሚቀል አለ፣ የጣሊያኑ ኤል 3። ርዝመቱ 3.17 ሜትር፣ ቁመቱ 1.3 ሜትር ብቻ፣ ቱሬት የለውም፣ ሳጥን ማለት ነው። መትረየሱ ወደፊት ብቻ ስለሚያይ ጎኑና ጀርባው ባዶ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ሽሬ ውስጥ ደምበጊና ላይ የራስ እምሩ ሰዎች ይህን ድክመት አይተው በጎንና በኋላ እየዞሩ፣ ላዩ ላይ እየወጡ፣ ያለ ፀረ ታንክ መሣሪያ እነዚያን ታንኮች አስቀርተዋቸዋል። አንድ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን መሥራት ነው።

ወደ ማርክ 6 ስንመለስ፣ ልብ የሚያደክመው እግሩ ነው። በየጎኑ አራት ጎማ አለው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረው በሞላ ላይ ይቆማሉ። ሰንሰለቱን የሚስበው ፊት ለፊት ያለው ጥርሳም ጎማ ነው። ሰንሰለቱ በፒን የተያያዙ የብረት ሠሌዳዎች ድርድር ነው፤ መሬት ላይ ራሱን እያነጠፈ ጎማው ይሄድበታል። ታዲያ ድንጋይ ከጎማውና ከሰንሰለቱ መካከል ገብቶ ሲቀረቀር ሰንሰለቱን ከጥርሱ ላይ ያነሣዋል። ሹፌሩ በዚያው ቅጽበት ከታጠፈ ሰንሰለቱ ወደ ጎን ይወጣል፣ ወይ ፒኑ ይበጠሳል። ታንኩ በቀረው አንድ ሰንሰለት ባለበት ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም።

ስለዚህ በሞዴሉ ላይ የወለቀውን ሰንሰለት ከታንኩ ኋላ ዘርጉት። ታንኩ ወደፊት ሲገፋ የተበጠሰው ጫፍ በጎማዎቹ ሥር አልፎ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ብዙ ጊዜም በፊቱ ተጠቅልሎ አይገኝም። ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቆመው ሰንሰለት ላዩ ትንሽ ይርገብ፤ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ሰንሰለት ካየሁ ሠሪው እውነተኛ ታንክ አላየም እላለሁ።

ቀለሙ የክርክር ቤት ነው። በ1940 (እ.ኤ.አ.) ግብፅ የነበሩ የእንግሊዝ ታንኮች በብርጋዴር ኮንተር ስም በሚጠራው ስልት ይቀቡ ነበር፤ የአሸዋ መልክ ባለው መደብ ላይ ጫፋቸው በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ ሰያፍ ሰፋፊ ግራጫ መስመሮች። ዓላማው መደበቅ ብቻ አልነበረም፤ የታንኩን ቅርጽ ሰባብሮ የሚያይን ሰው ዓይን ማወናበድም ነው። አንደኛው ግራጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሆኖ ሳለ እንግሊዝ አገር በሙዚየም የቆመ አንድ ታንክ ሰማያዊ ተቀብቶ ስለነበር፣ የዓለም ሞዴል ሠሪ ሁሉ ለስንት ዓመት ውሃ ሰማያዊ ሲቀባ ኖረ። እናንተ አረንጓዴ ግራጫውን ቀቡ። በብልቃጡ ውስጥ ያለውን ቀለም ደግሞ ነጭ ጨምራችሁ አንጡት። ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሞዴሉን ስታዩ እውነተኛውን ከ10 ሜትር ተኩል እንደማየት ነው፤ ሞዴል ሠሪዎች ለዚያ ርቀት ሲሉ ቀለሙን ፈዘዝ ያደርጉታል።

አንድ ሕግ ብቻ አደራ፤ ተከታታይ ሽፋኖች በአንድ ዓይነት ማቅጠኛ መሠራት የለባቸውም። መደቡ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ከሆነ፣ ሲደርቅ በላዩ የሚሄደው በአኳራጅ የቀጠነ የዘይት ቀለም ይሁን። የዘይት ቀለም ማለት የተፈጨ ቀለም በተልባ ዘይት ማለት ነው፤ አኳራጁ የታችኛውን አይነካውም። ቀጭኑ ጥቁር ቡኒ በብሎኖቹ ዙሪያና በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ራሱ እየፈሰሰ ይገባል፣ በንጹሕ ብሩሽ ትርፉን ትጠርጋላችሁ። ድንገት የተቀባው ሳጥን ብረት መሰለ! ይህቺን ቅጽበት የምወዳትን ያህል ሌላውን ሥራ አልወደውም።

አሁን ገንዘብ የማይገዛው ነገር መጣ፣ አፈሩ። የውጭ ሰዎች ጭቃ የሚመስል ነገር በብልቃጥ ይገዛሉ፤ እኛ ዋልካው በደጃችን ነው። ግን እንደወረደ አይሆንም። አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት በዚህ ልኬት 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ጠጠር ናት። ስለዚህ አፈሩን በሙቀጫ ውቀጡት፣ በሻሽ ንፉት፣ እንደ ዱቄት ይሁን። ማያያዣው የግራር ሙጫ ነው፤ ሱዳኖች ሃሻብ የሚሉት፣ የውሃ ቀለም የሚሠሩ ፋብሪካዎች የሚገዙት። አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ውሃ አሳድሩ፣ ጠዋት አጥሉት። ዕጣን ተሳስታችሁ እንዳትነክሩ፤ ዕጣን በውሃ ውስጥ እንደ ወተት ይደፈርሳል እንጂ ጥርት ብሎ አይሟሟም። ሙጫው አፈሩን ስለሚያጠቁረው ትንሽ ጠመኔ ደባልቁበት።

ወሩን ደግሞ አትርሱ። ጥቅምት መጨረሻ በቆላው ዝናቡ አልፏል፣ ዋልካው መሰንጠቅ ጀምሯል፣ ሣሩ ደርቋል። አንድ ሰው እስከ ቱሬቱ ጭቃ የተመረገ ታንክ ሠርቶ «ገላባት፣ ጥቅምት 27» የሚል ጽሑፍ ቢለጥፍብኝ አላምነውም። አቧራው ብዙ፣ ጭቃው ከጎማዎቹ መካከል ደርቆ የቀረ ብቻ ይሁን። ለሣሩ የቃጫ ገመድ ፈታችሁ ክሩን በ5 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፤ ይህ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ታንኩን ከግማሽ በላይ ይሸፍነዋል። ድንጋዩን ከወንዝ ዳር ስትለቅሙ ክቡን ተዉት፣ ሹሉን አንሡ። 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠጠር በታንኩ አጠገብ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ አለት ነው፤ ሁለት ሦስቱን ሣር ውስጥ ቅበሩ፣ አንዱን ጥርሳሙ ጎማ ሥር ሸጉጡ።

ሲያልቅ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት። በመጋቢትና በሚያዝያ እዚያ ላይ የሚጠራቀመው ሙቀት ቀጭን የፕላስቲክ ሰንሰለት ያጣምማል፣ ሙጫውንም ያሰነጥቃል። የሙጫው መሰንጠቅ ዋልካ ስለሚያስመስል ግድ የለም። ሰንሰለቱ ሲጣመም ግን መጠገኛ የለውም፤ እንደ ስሊም መለዋወጫ ፍለጋ ነው።