የአዛውንቱ ገንዘብ ሲወሰድ ኪሳራው የማን ነው?

ሻኪሶ ላይ ቡና ሸጠው ገንዘቡ በስልክ የገባላቸው አንድ አዛውንት እንበል። ስልኩን የሚነካካላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። የሚስጥር ቁጥሩ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከስልኩ ሽፋን ሥር ተሸጉጧል። ብር ሊያወጡ ሲሄዱ ስልኩን ለባለሱቁ ሰጥተው ቁጥሩን ጮክ ብለው ይነግሩታል፤ ከኋላቸው የቆመውም ይሰማል። አንድ ቀን «አባባ፣ ከቴሌ ነው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚል ስልክ ይደወላል። የቀረው የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አቤት ቢሉ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ቁጥሩን የሰጡት ራስዎ ነዎት።» ነገሩ እውነት ነው፤ ጉዳዩ ግን እዚያ ላይ መዘጋቱ ነው የሚያሳስበኝ። የሠላሳ ዓመት ወጣት የተወሰደበትን ሠርቶ ይተካዋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ግን የሚተኩበት ጉልበትም ጊዜም የላቸውም። አጭበርባሪውም ይህን ስለሚያውቅ ነው የሚያነጣጥርባቸው። በአሜሪካ የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በመዘገባቸው አቤቱታዎች መሠረት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ያጡት ወደ 4.9 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። የልጅ ልጅ ወይም ዘመድ የወሰደው ደግሞ እዚያም እዚህም ገመና ተፈርቶ የሚታፈን ነውና ከቁጥሩ ውጭ የሚቀረው ብዙ ነው።

የስልክ ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ለእንዲህ ያለው ከተማ ያመጣውን ጥቅም መካድ አይቻልም። ወርቅና ቡና በሚሸጥበት አገር ጥሬ ብር ታቅፎ መንገድ መውጣት የራሱ አደጋ ነበረው። አደጋው ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን እስከ አምስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። ይህም ሌባው ከተያዘ ነው፤ ለአዛውንቱም ብሩን አይመልስም። እስከ 100,000 ብር የሚሸፍነው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ደግሞ ባንክ ሲወድቅ እንጂ ደንበኛ ሲዘረፍ አይደርስም።

የተወሰደ ብርን ዱካ የመከተል አቅሙ ቢታሰብበት እንዳለ መጋቢት 2016 አሳይቶናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የእነሱ ያልሆነ ብር ሲያወጡ፣ ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ማን እንደወሰደ ሒሳብ በሒሳብ ለየ፤ ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቷቸውን ለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ከሳሪው ባንኩ ሲሆን ብሩ ዱካ አለው። ከሳሪው አዛውንት ሲሆን ዱካው የሚጠፋው በቴክኖሎጂ እጥረት ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

አባቶቻችን በአፈርሳታ ሌባው ካልተገኘ ካሳውን አካባቢው እንዲከፍል ያደርጉ ነበር። ሥርዓቱ ንጹሑንም የሚያንገላታ ቢሆንም ኪሳራ የሚደርስበት ሁሉ ዓይኑን እንዲከፍት ያስገድድ ነበር። ብሪታንያ ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠራችው ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ ተታሎ ገንዘብ ላስተላለፈ ደንበኛ እስከ 85,000 ፓውንድ ይመለሳል፤ ወጪውን ላኪውና ተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈላሉ።

ባንኮች «ይህ ቸልተኝነትን ያበረታታል» ይላሉ፤ ክርክሩ ባዶ አይደለም። ለዚህም ነው የብሪታንያው ደንብ ከባድ ቸልተኝነት የታየበትን ደንበኛ ከካሳ የሚያስቀረው። ራሱን ለመጠበቅ አቅም ያነሰው ተጋላጭ ደንበኛ ግን በዚህ አይከለከልም። ዕድሜ ብቻውን ተጋላጭ አያሰኝም፤ ማንበብ ሳይችሉ ስልክ ላይ ገንዘብ የሚያስቀምጡ አዛውንት ግን በየትኛውም መለኪያ ከዚያ ክፍል ናቸው።

እዚህ መጀመር ያለበት ከተቀባዩ ወገን ይመስለኛል። የተዘረፈው ብር አየር ላይ አይቀርም፤ በሆነ ሰው ስም የተከፈተ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የባንክ ሒሳቦች ከብሔራዊው መታወቂያ ከፋይዳ ጋር እየተሳሰሩ ነው፤ ፋይዳ ደግሞ የጣት አሻራና የዓይን አይሪስ ይይዛል። ትስስሩ በሰፋ ቁጥር «ተቀባዩ አልታወቀም» የሚለው መልስ ያጥራል። ተቀባዩ ባንክ ግማሹን ኪሳራ ይካፈል ቢባል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማያውቁት ሰው የሚላክ ከፍ ያለ ብር ለጥቂት ሰዓታት እንዲቆይ ለማድረግ ባንኮች አይቸኩሉም ነበር? ወጪው በአገልግሎት ክፍያ ላይ ተጨምሮ ወደ ሁላችንም መምጣቱ አይቀርም። ለሚሊዮኖች ሲከፋፈል ሳንቲም ነው፤ አሁን ግን ሙሉውን የሚከፍሉት ቡናቸውን የሸጡት አዛውንት ናቸው።